50 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ ለምን ይወራለታል? ስለ ፐርሲ ጂቭስ ለቀረበው ጥያቄ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ "ዎድሃውስ በሚባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ ታሪኮች ውስጥ ያለው ጂቭስ የሚባል አሽከር ስሙ የተወሰደው ፐርሲ ጂቭስ ከሚባል ካውንቲ ክሪኬተር ነው ሲባል አነበብኩ። ሰውየው 50 ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው፣ ለእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንም ተሰልፎ አያውቅም። ካውንቲ ክሪኬተር ራሱ ምን ማለት ነው? ስሙ ለታዋቂ ገጸ ባህሪ ባይሰጥ ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር? የስሙ ነገርስ እውነት ነው ወይስ ተረት?"

ወንድሜ ሦስቱንም እመልስልሃለሁ፣ ግን ብዙ የምቆየው መሀለኛው ላይ ነው ምክንያቱም "ማን ያስታውሰው ነበር" በሚለው ጭራሽ አልስማማም። የምኖረው በርሚንግሃም ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የክለብ ክሪኬት እዳኛለሁ፣ የድሮ ስኮር ካርድ ማገላበጥ ደሞ ሱሴ ነው፣ ስለዚ ትንሽ ባረዝመው ታገሰኝ። ዓመቶቹንም ወሮቹንም በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ካውንቲ የሚለውን እንጨርስ። እንግሊዝ አገር ውስጥ ዋናው የክሪኬት ውድድር የሚካሄደው በከተማ ክለቦች መሀል ሳይሆን በካውንቲዎች መሀል ነው። ልክ የኛ ሊግ ጎጃም ከሸዋ፣ ሐረርጌ ከሲዳሞ እየተባለ በክፍለ ሀገር ቢሆን ብለህ አስበው። ውድድሩ በይፋ የተጀመረው በ1890 ነው፣ በጂቭስ ጊዜ 16 ካውንቲዎች ነበሩ አሁን 18 ናቸው፣ አንድ ጨዋታ ያኔ ሦስት ቀን ይፈጃል አሁን አራት። ካውንቲ ክሪኬተር ማለት እንግዲህ በዚህ ደረጃ የሚጫወት ሰው ነው፣ ከሱ በላይ ያለው ብሔራዊ ቡድኑ ብቻ ነው። ስለዚ "ካውንቲ ብቻ ነው የተጫወተው" ሲባል የሰፈር ጨዋታ እንዳይመስልህ፣ ጂቭስ ሲጫወት ፊቱ የሚቆሙት እነ ጃክ ሆብስ ናቸው፣ በዓለም አንደኛ የሚባሉት ማለቴ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። የጂቭስ ሙሉ መዝገብ እንዲህ ነው፦ 50 ጨዋታ፣ 199 ዊኬት በ20.03 አማካይ፣ በባት 1204 ራን በ16.05 አማካይ፣ በአንድ ኢኒንግስ ምርጡ 7 ዊኬት በ34 ራን። ክሪኬት ለማይከታተል ይሄ ምንም አይነግረውም፣ ስለዚ ላብራራው። ባት የመምቻው እንጨት ነው፣ ራን ማለት ባት የያዘው ሰው ኳሱን መትቶ የሚያገኘው ነጥብ ነው፣ ኢኒንግስ ደሞ አንድ ቡድን ባት ይዞ የሚመታበት ተራ ነው። ቦውለር ማለት ኳሱን የሚወረውረው ነው፣ ሥራው ደሞ ባት የያዘውን ሰው ከሜዳ ማስወጣት ነው፣ አንድ ሰው ባስወጣ ቁጥር አንድ ዊኬት ይመዘገብለታል። በሱ ኳስ ላይ ተጋጣሚ ያገባው ራን በሙሉ ተደምሮ ለዊኬቶቹ ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር አማካዩ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቦውለሩ ጥሩ ነው ማለት ነው። ስለዚ 20.03 ማለት ጂቭስ አንድ ሰው ለማስወጣት በአማካይ 20 ራን ነው የሚከፍለው። ዛሬ በካውንቲ ደረጃ 20 አካባቢ ይዞ ሲዝን የሚጨርስ ቦውለር ብሔራዊ ቡድን ደጃፍ ላይ ነው የሚቆመው። ግን አላጋንንም፣ ያኔ ፒቹ፣ ኳሱ የሚነጥርበት የሜዳው መሀል ማለት ነው፣ ዝናብ ሲመጣ አይሸፈንም ነበር፣ ዝናብ የመታው መሬት ላይ ደሞ ኳስ እንደፈለገ ነው የሚነሳው፣ ስለዚ የዛን ዘመን የቦውለሮች አማካይ ባጠቃላይ ከዛሬው ዝቅ ይላል። ለምሳሌ ኬንት ለሚባለው ካውንቲ የተጫወተው ኮሊን ብላይዝ በሕይወቱ 2503 ዊኬት ሲወስድ አማካዩ 16.81 ነው። እሱ ቁንጮው ነው፣ ጂቭስ ገና እዛ አልደረሰም። ግን ልብ በል፣ ብላይዝ ከአራት መቶ በላይ ጨዋታ ነው የተጫወተው፣ ጂቭስ በሙሉ ልብ ሙያውን የሰራበት ጊዜ ተደምሮ ሁለት ሲዝን ነው፣ 1913 እና 1914፣ በቃ።

እና እዚ ጋ ብዙ ሰው የማያየው ነገር አለ። በ1913 የመጀመሪያ ሙሉ ሲዝኑ ላይ 106 ዊኬት ወሰደ፣ በ20.88። በአንድ ሲዝን 100 ዊኬት ማለት ያኔ ለአንድ ቦውለር የክብር መስመር ነበረ፣ ዘመኑን በሙሉ ተጫውቶ አንዴም ሳይነካው ጡረታ የሚወጣ አለ፣ ይሄ ልጅ በመጀመሪያው ሙከራ አለፈው። አሁን ወረቀት አውጣና አስላው፦ 199 ዊኬት በ20.03 ማለት ባጠቃላይ 3986 ገደማ ራን ነው የሰጠው። ከዛ ላይ የ1913ቱን፣ ማለትም 106 በ20.88 ሲባዛ 2213 ገደማ፣ ቀንሰው። የሚቀረው 1773 ራን አካባቢ ለ93 ዊኬት ነው፣ ሲካፈል 19 ይመጣል። እነዚህ 93 ዊኬቶች ጥቂት ከ1912 ቢኖሩባቸውም ከሞላ ጎደል የ1914 ናቸው። ይሄ ምን ይላል መሰለህ፣ ሰውየው እየተሻሻለ ነበር። ክሪኬት ውስጥ ሁለተኛ ዓመት የሚባለው በጣም ከባድ ነው፣ አንደኛው ዓመት ላይ ማንም አያውቅህም፣ ሁለተኛው ላይ ግን ሁሉም ኳስህ ወዴት እንደሚሄድ አጥንቶ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ጎበዝ ጀማሪ የሚወድቀው እዛ ጋ ነው። ጂቭስ ግን ሁለተኛው ላይ ቁጥሩ ጭራሽ አማረ። እኔን የሚያሳምነኝ ከ199ኙ ይልቅ ይሄ ነው።

አጨዋወቱን በተመለከተ፣ በቀኝ እጁ የሚወረውር ፈጣን-መካከለኛ ቦውለር ነበር። ያዩት ሰዎች ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ አወራወሩ ሲታይ ምንም ጉልበት ያወጣ አይመስልም፣ ኳሱ ግን መሬት ነክቶ ሲነሳ ከተጠበቀው በላይ ፈጥኖ ይመጣል። እኔ ዳኛ ሆኜ ከቦውለሩ አጠገብ ስለምቆም ይሄን ነገር በደምብ አውቀዋለሁ፣ እየሮጠ እየጮኸ የሚመጣውን ቦውለር ባትስማኑ አይፈራውም፣ ሰዓቱን ያውቀዋላ። የሚያስቸግረው ዘና ብሎ ሶስት አራት እርምጃ መጥቶ ክንዱን ከፍ አድርጎ የሚለቀው ነው፣ ዓይንህ ቀስ ያለ ነገር አይቶ ባቱን አዘግይተህ ስታወርድ ኳሱ አልፎሃል። በባትም ዝም ብሎ የሚቆም ሰው አልነበረም፣ ከታች ገብቶ ጠንከር አድርጎ የሚመታ ዓይነት ነው፣ 16 አማካይ ግን (በባት አማካይ ሲበዛ ነው ጥሩ የሚባለው) ሙሉ ኦልራውንደር፣ ማለትም በባትም በኳስም ጎበዝ የሆነ ተጫዋች፣ አያሰኝም፣ አንዳንድ ቦታ "ታላቅ ኦልራውንደር" ተብሎ ሲጻፍ አያለሁ፣ እኔ እዛ ላይ አልሄድም። ቦውለር ነበረ፣ ያውም ጎበዝ፣ ባት የማያሳፍር ቦውለር።

እንዴት እዚ ደረሰ የሚለው ደሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። የተወለደው መጋቢት ወር 1888 ላይ ዮርክሸር ውስጥ ዲውስበሪ አጠገብ ኧርልስሂተን የሚባል ቦታ ነው፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ቤተሰቡ ኋላ ጉል ወደምትባል የወደብ ከተማ ሄደ፣ ክሪኬቱን እዛ ነው የተማረው። ዮርክሸር ያኔ ከካውንቲዎች ሁሉ ኃያሉ ነው፣ የሚገርመው ደሞ ዮርክሸር ክለብ እዛው ካውንቲ ውስጥ ካልተወለድክ አይቀበልህም ነበር፣ ይሄን ልማድ የተዉት በ1992 ነው። ጂቭስ እንግዲህ በትውልድ የነሱ ነው፣ መብቱ አለው፣ ግን አልወሰዱትም። እሱም ሄዶ ሆውስ በምትባል ዌንስሊዴል ሸለቆ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ተቀጥሮ መጫወት ጀመረ፣ ያኔ ትንሽ ክለብ አንድ ፕሮፌሽናል ይቀጥራል፣ እሱ ይወረውራል፣ ሜዳውንም ይንከባከባል።

እዛ ጋ ነው ዕድል የመጣው። ሜዳው በርሚንግሃም ያለው የዋሪክሸር ካውንቲ ክለብ ጸሐፊ ራይደር የሚባል ሰው ነበር፣ ከ1895 እስከ 1944 ድረስ በዛ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፣ ለዕረፍት ወደ ዮርክሸር ሸለቆዎች በእግሩ ሊንሸራሸር ሄዶ ሆውስ ላይ ጨዋታ ሲካሄድ ቆሞ ማየት ጀመረ። ያን ዘና ያለ አወራወር አየ። የሚያውቀው ሰው እንደዛ ነው፣ ስኮሩን አይጠይቅም፣ አንድ ሰው ክንዱን እንዴት እንደሚያዞር አይቶ ይበቃዋል። ጠየቀው፣ ጂቭስም ወደ በርሚንግሃም መጣ።

አሁን ለጥያቄህ በጣም ወሳኝ የሆነ ነገር ልንገርህ፣ "50 ጨዋታ ብቻ" የሚለውን የሚፈታው ይሄ ነው። ያኔ በነበረው ደንብ አንድ ተጫዋች ባልተወለደበት ካውንቲ በሻምፒዮንሺፕ፣ ማለትም በዋናው የካውንቲዎች ውድድር፣ ለመሰለፍ ሁለት ዓመት እዛ መኖር ነበረበት። ጂቭስ 23 ዓመቱ ላይ፣ አቅሙ ያለው፣ ክለቡ የሚፈልገው፣ ግን ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ያውም መቼ? 1911 ላይ ዋሪክሸር በ22 ዓመቱ ካፒቴን ፍራንክ ፎስተር እየተመራ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሻምፒዮን በሆነበት ዓመት። ድጋሚ ሻምፒዮን የሆኑት እኮ በ1951 ነው፣ አርባ ዓመት ቆይተው። ኤጅባስተን የሚባለው የዋሪክሸር ሜዳ አጠገብ ሆኖ፣ ከነዛው ተጫዋቾች ጋር እየተለማመደ፣ የክለቡን ትልቁን ዓመት ከውጪ አየው። በ1912 ያሰለፉት ከባህር ማዶ ለመጡት ጎብኚ ቡድኖች ብቻ ነው፣ አውስትራሊያና ደቡብ አፍሪካ ያን ዓመት እንግሊዝ መጥተው ነበር፣ የሁለት ዓመቱ ደንብ የሚያግደው ከሻምፒዮንሺፕ ነው። በቃ፣ ሁለት ሙሉ ሲዝን በደንቡ ምክንያት ተበላ። ስለዚ የዚህ ሰው ሕይወት ከፊት በዚህ የሁለት ዓመት ደንብ ከኋላ በጦርነት ተቆርጦ መሀሉ ላይ የቀረው ነው ሃምሳ ጨዋታ የሆነው፣ የአቅም ማነስ የትም ቦታ የለበትም።

1914 ሐምሌ ላይ ጄንትልመን እና ፕሌየርስ የሚባለው ጨዋታ ላይ ተመረጠ፣ ለንደን ኦቫል ሜዳ ላይ። ይሄ ጨዋታ ምን እንደሆነ ካልተብራራ የጂቭስ ደረጃ አይገባም። ያኔ ክሪኬተር ሁለት ዓይነት ነው፣ አማተር የሚባሉት ሀብታሞቹ፣ ዩኒቨርሲቲ የጨረሱት፣ ያለ ደሞዝ የሚጫወቱት፣ እና ፕሮፌሽናል የሚባሉት እንደ ጂቭስ ለእንጀራ የሚጫወቱት። መልበሻ ክፍላቸው ለየብቻ ነው፣ ብዙ ሜዳ ላይ የሚገቡበት በር ራሱ የተለያየ ነው። ስኮር ካርዱ ላይ እንኳ ይለያል፦ አማተሩ የስሙ መነሻ ፊደላት ከአባቱ ስም በፊት ይጻፍለታል፣ ፕሮፌሽናሉ በኋላ ይለጠፍበታል፣ ወይ ጭራሽ ይቀራል። እነዚህ ድሮ ካርዶች እጄ ላይ ሲገቡ መጀመሪያ ዓይኔ የሚሄደው እዛ ላይ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲወረውር የዋለው ሰው "ጂቭስ" ብቻ ተብሎ ይጻፍና አስር ራን ያልሞላው ጌታ ሙሉ ማዕረጉ ይደረደርለታል። እንግዲህ ጄንትልመን ከፕሌየርስ ማለት ከ1806 እስከ 1962 የቆየ፣ የሁለቱ ወገን ምርጦች የሚገናኙበት ጨዋታ ነው፣ ለብሔራዊ ቡድን ከመመረጥ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ክብር እሱ ነበረ።

ጂቭስ እዛ ጨዋታ ላይ በሁለተኛው ኢኒንግስ 4 ዊኬት በ44 ራን ወሰደ፣ ፕሌየርስ በሰፊው አሸነፉ። የቀድሞው የእንግሊዝ ካፒቴን ፕላም ዋርነር ይሄ ልጅ ወደፊት ለእንግሊዝ ይጫወታል ብሎ ተነበየ። ዋርነር ዝም ብሎ ሰው የሚያሞግስ አስተያየት ሰጪ አይደለም፣ ቡድን መርቶ አውስትራሊያ ድረስ ሄዶ ያሸነፈ ሰው ነው፣ ምርጫ ሲደረግ ቃሉ የሚሰማ ሰው ነው። ጂቭስ 26 ዓመቱ። አንድ ወር እንኳ አልሞላም፣ ነሐሴ 4 ቀን ብሪታንያ ጀርመን ላይ ጦርነት አወጀች።

ክሪኬቱ ወዲያው አልቆመም፣ ነሐሴን እየተንገዳገደ ሄደ። ኦቫልን ጦሩ ወሰደው፣ የክሪኬቱ ዝነኛ አዛውንት ደብሊው ጂ ግሬስ በወሩ መጨረሻ ጋዜጣ ላይ ደብዳቤ አውጥቶ ጨዋታው ይቁም፣ ጎልማሶች ይዝመቱ አለ፣ ሲዝኑም ሳያልቅ ተዘጋ። ጂቭስ በርሚንግሃም ፓልስ ከሚባሉት አንዱ ውስጥ ተመዘገበ፣ የሮያል ዋሪክሸር ሬጅመንት 15ኛ ሻለቃ። ፓልስ ማለት አብረው የሚሰሩ፣ አብረው የሚጫወቱ፣ አንድ ሰፈር ያሉ ሰዎች አንድ ላይ እንዲዘምቱ ተብሎ የተቋቋሙ ሻለቆች ናቸው፣ በርሚንግሃም ሦስት አወጣች። ሀሳቡ መልካም መስሎ ነበር፣ ጓደኛህ አጠገብህ ነው፣ ግን አንድ ሻለቃ በአንድ ቀን ሲመታ አንድ ሰፈር በአንድ ቀን ነው የሚያለቅሰው። ሰተን ፓርክ ውስጥ ሰለጠኑ፣ በ1915 ኅዳር ፈረንሳይ ገቡ።

የሶም ውጊያ ሐምሌ 1 ቀን 1916 ነው የተጀመረው፣ በዛች አንድ ቀን ብቻ የእንግሊዝ ጦር 57,470 ሰው ቆስሎበታል፣ ጠፍቶበታል፣ ሞቶበታል፣ ከነሱ ውስጥ 19,240ው የሞቱ ናቸው። በዛ የመጀመሪያ ቀን ከሞቱት አንዱ ሜጀር ቡዝ ነው፣ የዮርክሸር ቦውለር፣ "ሜጀር" ማዕረጉ ሳይሆን ስሙ ነው፣ ለእንግሊዝ ሁለት ጊዜ የተሰለፈ። ጂቭስ ያን ቀን አልነበረም፣ የሱ ሻለቃ የገባው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው፣ ሃይ ዉድ የሚባል ጫካ አጠገብ። ሐምሌ 22 ሌሊቱን ጥቃት ታዘዘ፣ ጀርመኖቹ ቁልቁል የሚያዩበት ቦታ ላይ ናቸው፣ ጥቃቱ ከሸፈ፣ ጂቭስ እዛው ቀረ፣ 28 ዓመቱ ነበር። ያ ጫካ በእንግሊዝ እጅ የገባው መስከረም 15 ቀን ነው። አስከሬኑ አልተገኘም፣ መቃብር የለውም። ስሙ ያለው ፈረንሳይ ውስጥ ቲየፕቫል ላይ ባለው ትልቅ ሐውልት ነው፣ መቃብራቸው የማይታወቅ ከ72,000 በላይ ሰዎች ስም የተቀረጸበት፣ ብትሄድ የሮያል ዋሪክሸር ሬጅመንት ስሞች 9ኤ፣ 9ቢ እና 10ቢ የሚሉት ምሰሶዎች ላይ ናቸው።

እሺ አሁን "ማን ያስታውሰው ነበር" ወደሚለው። መጀመሪያ ነገር በርሚንግሃም ታስታውሰው ነበር፣ ፎስተርም በ1915 በሞተርሳይክል አደጋ እግሩን ተጎድቶ ጨዋታው አበቃ፣ ዋሪክሸር በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም አጣ ማለት ነው። ይሄ ቡድን ከጦርነቱ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያልተነሳው በዚህም ጭምር ነው ብዬ ነው የማምነው። ሁለተኛ፣ ጂቭስ ቢተርፍ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ሰው ሲጠይቀኝ እንዲሁ በምኞት አልመልስም፣ ሦስት ነገር አያለሁ። ካውንቲ ክሪኬት በ1919 ሲመለስ እሱ 31 ዓመቱ ነው። ለቦውለር 31 እርጅና አይደለም፣ ሲድኒ ባርንስ፣ እሱም በወጣትነቱ ለዋሪክሸር ትንሽ ተጫውቶ ያለፈ ነው፣ በ1913-14 ደቡብ አፍሪካ ላይ በአራት ቴስት (አገር ከአገር የሚገናኝበት) ጨዋታ 49 ዊኬት የወሰደው 40 ዓመት ሞልቶት ነው፣ ይሄ በአንድ ተከታታይ ውድድር እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ሪከርድ ነው። ሁለተኛው፣ የጂቭስ ዓይነት አወራወር፣ ጉልበት የማይጨርስ፣ እንደዛ ያለው ዕድሜ ላይ ይከርማል፣ እየተንጠራራ የሚወረውረው ነው ቶሎ የሚሰበረው። ሦስተኛው ደሞ የእንግሊዝ ቡድን ሁኔታ ነው፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1920-21 አውስትራሊያ ሄደው አምስት ለባዶ ተሸነፉ፣ በ1921 አገራቸው ላይ ደሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቴስቶች ተሸንፈው መራጮቹ ግራ ገብቷቸው በዛ አንድ ተከታታይ 30 ተጫዋች ቀያየሩ። ሠላሳ! ባርንስ የለም፣ ብላይዝ በ1917 ፓሽንዴል አጠገብ ተገድሏል፣ ቡዝ የለም፣ ፎስተር የለም። ልምድ ያለው፣ መሬት ነክቶ የሚፈጥን ኳስ ያለው ቦውለር እንደ ውሃ በተጠማበት ሰዓት ጂቭስ ቢኖር ኖሮ አይጠሩትም ነበር ብለህ የምትከራከረኝ ከሆነ በጣም እቸገራለሁ። ታላቅ ይሆን ነበር አልልም፣ እሱን ማንም ሊል አይችልም፣ ግን የእንግሊዝን ካፕ ያደርግ ነበር፣ ማለትም ለብሔራዊ ቡድኑ ይሰለፍ ነበር ብዬ በሙሉ አፌ እናገራለሁ።

እና ሌላ አንድ ነገር፣ አጭር የስፖርት ሕይወትን በተጫወተው ጨዋታ ብዛት መመዘን ስህተት ነው። ሃምሳ ጨዋታ ተጫውቶ ቡድኑን ያልጠቀመ ሰው ሞልቷል፣ መዝገቡ ላይ አሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም፣ ትክክልም ነው። ጂቭስ በየጨዋታው በአማካይ አራት ዊኬት ወስዷል ማለት ነው፣ 199 ለ50 ስታካፍለው፣ አንድ ቡድን በሁለት ኢኒንግስ የሚያወጣው ቢበዛ ሃያ ሰው ነው፣ ከሃያው አምስተኛው የሱ ነው ማለት ነው፣ ያውም ከፎስተር ጋር እየተካፈለ። ሰው ሲለካ እንዲህ ነው የሚለካው።

በመጨረሻ የስሙ ጉዳይ። ተረት አይደለም፣ እውነት ነው፣ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። ራይደር ያልኩህ የዋሪክሸር ጸሐፊ ልጁ በ1967 ለዎድሃውስ ደብዳቤ ጽፎ ጠየቀው፣ ዎድሃውስም በራሱ እጅ መለሰ። ወላጆቹ ቼልተንሃም ይኖሩ ነበር፣ በ1913 ይመስለኛል ሊጠይቃቸው ሄዶ እዛው ኮሌጁ ሜዳ ላይ ዋሪክሸር ከግሎስተርሸር ሲጫወቱ አየ፣ የጂቭስ ቦውሊንግ ሳይማርከው አልቀረም፣ በኋላ ኒውዮርክ ሆኖ ለአሽከሩ ስም ሲፈልግ ትዝ አለው፣ የሚፈልገውም ስም እሱ ሆኖ አገኘው። ከዛ ስሙ የት የት እንደደረሰ ታውቃለህ፣ በ90ዎቹ መጨረሻ ኢንተርኔት የጀመረ ሰው አስክ ጂቭስ የሚባለውን የመፈለጊያ ገጽ ሳያስታውስ አይቀርም፣ እዛ ላይ ሱፍ ለብሶ ይቆም የነበረው ሰውዬ ስሙን ያገኘው ከዚሁ አሽከር ነው፣ አሽከሩ ደሞ ከጉል ከመጣው የባቡር ሠራተኛ ልጅ።

አንድ የማርመው ነገር ግን አለ፣ ምክንያቱም በየቦታው ተደጋግሞ አየዋለሁ። ዎድሃውስ ስሙን የሰጠው ጦርነት ላይ ለሞተው ተጫዋች መታሰቢያ እንዲሆን ብሎ ነው ይባላል። አይደለም። ዎድሃውስ በደብዳቤው ስሙ ትዝ ያለኝ በ1916 ነው ብሎ ስለጻፈ ነው ሰው የሚሳሳተው፣ ጂቭስ የሞተበት ዓመት ስለሆነ ይገጥማል። ግን ሰውየው የሚጽፈው ከሃምሳ ዓመት በኋላ በትዝታ ነው፣ አሽከሩ ጂቭስ በሁለት ሦስት መስመር ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያለበት ታሪክ አንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ የወጣው መስከረም 1915 ነው። ያን ጊዜ ፐርሲ ጂቭስ በሕይወት አለ፣ ፈረንሳይ እንኳ ገና አልተሻገረም፣ እንግሊዝ ውስጥ ሥልጠና ላይ ነበር።